ደም የተረፈው ሶፋ ሰሪ

ሰው ደም አነሰኝ ብሎ ሲያማርር እንጂ በዛብኝ ብሎ ሲጨነቅ ብዙም አይሰማም። ሶፋ ሰሪውን የገጠመው ግን ይኸው ነው። ገላውን ታጥቦ በወጣ ቁጥር ጉንዳን የወረረው ይመስል ሲያክ ከረመ። ሳሙናውን ወቀሰ፣ ፎጣውን ወቀሰ፤ የሚወቅሰው ሲያጣ ሐኪም ቤት ሄደ።

ወጣቷ ሐኪም ውጤቱን አይታ፣ "አባቴ፣ መቅኔዎ ቀይ የደም ሕዋስ ከሚገባው በላይ እያመረተ ነው። ደምዎ ወፍሯል፤ ማሳከኩም ከዚሁ ነው። አብሮዎት የሚኖር ሕመም ነው፤ ግን እየተመላለሱ ደም ይቀዳልዎታል፣ መድኃኒትም አለው" አለችው።

እሱ "አብሮዎት የሚኖር" የሚለውን ይዞ ወጣ። ሌላው ከበሩ አላለፈም።

የሶፋውን እንጨት የሚገጥምለት አናጢ ወሬውን ሲሰማ መሳቅ ጀመረ። "ሌላው ደም ለግሱኝ ይላል፣ ያንተ ተርፎ ሊደፋ ነው! ምነው ገንዘቡም እንዲህ በበዛብህ!"

"አትቀልድ፣ ሰውዬ።"

"እና ላልቅስልህ? ስልክህን ከፍተህ እይ፤ ዛሬ የማይገኝ ነገር የለም።"

መካሪ አያሳጣ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ሶፋ ሰሪው ጨርቅ ሲወጥር በአንድ እጁ መዶሻ፣ በአንድ እጁ ስልክ ሆነ። አንዷ ሎሚ ትላለች፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት። አንድ ጺማም ደግሞ "ደማችሁን እንዳታስቀዱ! ጉልበታችሁን ነው የሚወስዱት" ይልና ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። በሌላ ገጽ ላይ "ሕሙማኑ በአማካይ የሚኖሩት አንድ ዓመት ተኩል ያህል ነበር" የሚል አነበበና ስልኩን እንደ ፍም ጣለው። በኋላም ገጹን ደጋግሞ ከፈተው፤ ሁልጊዜም እዚያችው ላይ ሲደርስ ይዘጋዋል።

የቀጠሮው ቀን ከቤት ወጣ፤ ግን ሐኪም ቤት አልደረሰም። ላለችኝ ዕድሜ ጉልበቴን ለምን እሰጣለሁ ብሎ ሱቁ ገባና አንዱን ወንበር ሲያለብስ፣ ሲፈታ፣ መልሶ ሲያለብስ ዋለ። ማታ ሚስቱ ልብስ ከምትተኩስበት የልብስ ንጽሕና መስጫ ስትመለስ፣

"ተቀዳህ?" አለችው።

"ተቀዳሁ።"

"አመመህ?"

"እንደ ትንኝ ናት።"

ፕላስተር የሌለበትን ክንዱን አየት አደረገችና ወደ ማድ ቤት ገባች።

በሳምንቱ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሱቁ ብቅ አለች። የእሱ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበርና ለደንበኛ ልደውል ብሎ የእሷን ወሰደ። ደንበኛውን ረስቶ ጣቱ ለምዶበት "ደም" ብሎ ቢጽፍ፣ ስልኩ ራሱ ጨረሰለት፦ ደም የበዛበት ሰው ስንት ዓመት ይኖራል።

ስልኩን ከዓይኑ አራቀው። ደግሞ ይሄ ምን ወሬኛ ስልክ ነው፣ ማን ነገረው? ቆይቶ ነው የገባው። ይህን የጻፈችው እሷ ናት።

"አንቺ ሴትዮ! በዚህ ስልክ ምን ስትጽፊ ነበር?"

"አንተስ ለደንበኛህ 'ደም' ብለህ ነው የምትደውልለት?"

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "አንድ ዓመት ተኩል ይላል።"

"አንብበኸዋላ።"

"ስንቴ!"

"እስከ መጨረሻው?"

ሶፋ ሰሪው የወንበሩን ጨርቅ ይነካካ ጀመር።

"አውቅህ የለ! በል ስማኝ።" ገጹን ከፈተችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። "'ይህ ሕክምናው ባልነበረበት ዘመን የተመዘገበ ነው። ዛሬ ክትትል ከሚያደርጉት ብዙዎቹ ረጅም ዓመታት ይኖራሉ። ክትትል ካልተደረገ ግን ደም የመርጋት አደጋ አለ።' ሰማህ?"

"ይሄኛውስ እንደዚያ ጺማም ቢሆን?"

"ጺማሙ ጠርሙስ ይሸጥልሃል። እነዚህ ምን ሸጡልህ? ከሥር እየው፤ የሐኪሞቹ ስም አለ፣ መቼ እንዳደሱት አለ። እኔም ወዲያው አላመንኩም። ያችን ነርስ ሄጄ ጠየቅኋት።"

"የቷን ነርስ?"

"ደም የምትቀዳዋን። ገጹን አይታ 'እናውቀዋለን፣ ጥሩ ነው፤ ግን ባለቤትዎ ለምን ቀሩ?' አለችኝ።"

ሶፋ ሰሪው ክንዱን በእጁ ሸፈነ፤ አሁን ቢሸፍነው ምን ሊጠቅም!

"አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ። ሁለት ሸሚዝ አቃጠልኩ፣ ያንተን ነገር ሳስብ። አሁን ግን በቃኝ፤ የደም መቅጃው ክፍል ሳይዘጋ ተነሥ።"

መንገዱን ሙሉ "እስቲ ያችን 'ረጅም ዓመታት' የምትለዋን ድገሚልኝ" እያለ አደረቃት። ደገመችለት። የነርሷ ክፍል ሲገቡም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የልባሱን ስፌት በጣቱ ይፈትሽ ነበር።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ፣ ዓይኑን መርፌው ላይ ተክሎ። "እንደ እኔ ያለ ሰው... ማለቴ... ስንት ዓመት ነው?"

ነርሷ ማሰሪያውን ክንዱ ላይ አጠበቀች። "ይህን ያህል ዓመት ብዬ አልዋሽዎትም፣ አባቴ። ይህ እርስዎ ሲመላለሱ፣ እኛም ስንከታተል የሚታይ ነው። እኔ እዚህ ሥራ ስጀምር ያገኘኋቸው ግን እስከ ዛሬ እየመጡ 'ቀስ በይ፣ ቀስ በይ' እያሉ ያሰለቹኛል።"

"እውነት?"

"እውነት። ጨብጠው ይልቀቁ።"

ጨበጠ፣ ለቀቀ፤ ጨበጠ፣ ለቀቀ። ወፍራሙ ደም በቱቦው እየተጎተተ መውረድ ጀመረ።

"ቀስ በይ" አለ ሶፋ ሰሪው።