የሊቀመንበሩ ስዋኖች

በቴም ወንዝ ዳር ሕግ የሚያከብር ሰው ክሌመንት ሃዶው ብቻ ነበር። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምን ነበር። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ዓሦቹ እንቁላል እንዲጥሉ ወንዙ ሲዘጋ፣ በዳርቻው ዘንግ የሚመስል ነገር ይዞ ያለፈ ሁሉ ከቁጣው አያመልጥም። አንድ ዓመት የመጋረጃ ዘንግ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው እስከ ድልድዩ ድረስ አባሯል። «ዓሣም ዕረፍት ያስፈልገዋል!» እያለ ነበር የሚጮኸው።

ባለፈው ዓመት የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበር ሲሆን አንድ ደንብ አስጸደቀ። ወንዙ ሳይከፈት ምግብ እየበተነ ዓሣ ያለማመደ አባል የማጥመጃ ቦታውን ይነጠቃል፤ ቦታውም ለጎረቤቱ ይሰጣል። የተቃወመው ወንዝ ጨርሶ መዘጋት የለበትም ባዩ ቧንቧ ሠራተኛ ዋልተር ትራንተር ብቻ ነበር።

«ለዳክዬ ዳቦ የምትወረውር አሮጊትም ልትቀጣ ነው?» አለ ትራንተር።

«አሮጊቷ መንጠቆ የላትም» አለና ክሌመንት አፉን አስያዘው።

ቦታ የሚታደለው በፀደይ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ከባርኔጣ በሚወጣ ዕጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከብት መጠጫው ጭቃማ ቦታ ሲደርሰው የኖረው ክሌመንት፣ በዚህ ዓመት እጁን ሰደደና ከአኻያው ዛፍ ሥር ያለውን ቦታ አወጣ። እዚያ ጥላ ውስጥ ሁሉም ያየው፣ ማንም ያልያዘው ባርበል ይኖራል፤ ጢማም፣ ወፍራም፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ የናቀ ዓሣ። ክሌመንት ጉልበቱ እያስቸገረው ነው። ይህ ዕጣ ዳግም ለእሱ እንደማይወጣ ያውቃል። ያንን ዓሣ በዚህ ዓመት ካልያዘ መቼም አይይዘውም።

ስለዚህ ማታ ማታ፣ ሰው እራት ላይ ሲሆን፣ ባልዲ አንጠልጥሎ ወደ አኻያው ይወርድ ጀመር። ባልዲው ውስጥ በጓሮው ቀይ ሥር ያቀለመው የተቀቀለ በቆሎ አለ። ባርበል ቀይ በቆሎ ይወዳል። «ይህ ማለማመድ አይደለም» ይላል ለራሱ፤ «እንቁላል ጥለው ለደከሙት እንክብካቤ ነው።» ደንብ ያወጣ ሰው የደንቡን መንፈስ ስለሚያውቅ ቃሉ እሱን አይመለከተውም፤ በዓለም ያሉ ደንብ አውጪዎች ሁሉ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ይህችን ተንተርሰው ነው።

የመክፈቻው ማለዳ ደረሰ። አባላቱ በዳርቻው ተሰልፈው የሊቀመንበሩን ፊሽካ ይጠብቃሉ። ክሌመንት ፊሽካውን ነፋ፤ መንጠቆዎች ውሃ ውስጥ ገቡ። እሱም ለዛሬ ያመጣውን ትል ሊያወጣ ጎንበስ ሲል ያው የማታው ባልዲ ከበርጩማው ተጋጨና ኳ አለ።

ከወንዙ መታጠፊያ አንገተ ረጃጅም ነጫጭ የውሃ ወፎች፣ ስዋኖች፣ ብቅ አሉ። ዳቦ የያዘውን አለፉ፤ ትል የያዘውን አለፉ። ቀጥ ብለው አኻያው ሥር መጡና ዳርቻው ላይ ወጥተው አንገታቸውን ባልዲው ውስጥ ከተቱ።

«ሂድ! እሽ!» አለ ክሌመንት በባርኔጣው እየመታ።

«ክሌም» አለች ከማዶ የማኅበሩ አንጋፋ ኤድና ፐርቪስ፣ «በስምህ ሊጠሩህ ትንሽ ነው የቀራቸው!»

ክሌመንት ተነሥቶ ሸሸ። ስዋኖቹ ተከተሉት። ቆመ፤ ቆሙ። የመሪያቸው ነጭ ደረት ቀይ ሥር እንደ ደፉበት የገበታ ጨርቅ ቀልሟል። በመንደሩ የአትክልት ውድድር በየዓመቱ በቀይ ሥር የሚሸለመው ማን እንደሆነ ደግሞ የማያውቅ የለም። ዳርቻው በሳቅ ፈረሰ።

ያልሳቀው ትራንተር ነበር። ቦታው ከአኻያው ቀጥሎ ነው። ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ተወው፣ ክሌም። ስዋን ምስክር አይሆንም። ደደብ ደንብ ነው፤ ያኔም ብዬሃለሁ። ተቀመጥና ዓሣህን ያዝ» አለው።

ክሌመንት ይህን ዓይነቱን ደግነት መቋቋም አልቻለም። ተቀመጠ ማለት ትራንተር ልክ ነበር ማለት ነው። ፊቱ ከስዋኗ ደረት ይልቅ ቀላ።

«ደደብ? ደደብ ያልከው ደንብ እንዴት እንደሚሠራ አሁን ታያለህ!» አለና ወደ ሁሉም ዞረ። «አባል ክሌመንት ሃዶው ወንዙ ሳይከፈት ምግብ በትኗል! ቦታውን ተነጥቋል! ቦታው ለጎረቤቱ ለዋልተር ትራንተር ተሰጥቷል!»

«እኔ አልፈልግም» አለ ትራንተር።

«መፈለግህን ማን ጠየቀህ? ደንብ ነው! ተቀመጥ!»

ትራንተር ተቀመጠ። ክሌመንት ዕቃውን ሰብስቦ ባዶ ወደነበረው የከብት መጠጫ ወረደ፤ ስዋኖቹም አጅበውት ሄዱ። እነሱ ሲርቁ የአኻያው ሥር እንደ መስተዋት ረጋ።

ክሌመንት የቀዳው ሻይ ሳይበርድ የትራንተር ዘንግ ጎበጠ።

«መረብ! ክሌም፣ መረብ!»

በዚህ ወንዝ የተያዘ ዓሣ ለማውጣት «መረብ!» ተብሎ የተጠራ ሰው፣ ቢጣላም ቢኳረፍም ይሄዳል። ክሌመንት እያነከሰ ሄደ፣ እስከ ጉልበቱም ገባ። ዓሣው ጎኑን ሰጥቶ ብቅ ሲል ጢሙን አየ። እሱ ነው። ክሩ ከእጁ ስንዝር አይርቅም፤ የመረቡን ጠርዝ አስነክቶ ቢበጥሰው ማንም ሆን ብሎ ነው አይልም ነበር። እሱ ግን መረቡን ከሥር አስገብቶ አነሣው።

ዳርቻው አጨበጨበ። ባርበሉ መረቡ ውስጥ ተገላብጦ አፉን ከፈተና ቀይ የበቆሎ ፍሬዎች በክሌመንት መዳፍ ላይ ተፋ።

ትራንተር በቆሎውን አየ፤ ክሌመንትን አየ።

«ምን ያለ ዓሣ ነው!» አለ። «ምን ተቀልቦ ነው እንዲህ የወፈረው?»

ክሌመንት ፍሬዎቹን ወደ ውሃው አራገፈ። በማኅበሩ ልማድ የተያዘ ዓሣ ተመልሶ ይለቀቃልና፣ ዓሣውን በሁለት እጁ ደግፎ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ያዘው።

«ዕረፍት ስላገኘ ነው» አለ። «ወንዙ አይዘጋ እያልክ ስትከራከር ይህን አስታውስ።»

ዓሣው ጭራውን ወዝውዞ ከእጁ ወጣ። ከኋላው ስዋኖቹ እየመጡ ነበር።