አንገተ ረጅሙ ብርሌ

ሰባተኛውም ብርሌ ትኩስ ዕቃ ቀስ በቀስ ከሚበርድበት ከማቀዝቀዣው ምድጃ ነቅቶ ወጣ፤ ስንጥቁም እንደ ስድስቱ ሁሉ ከአንገቱ ሥር ነበረ። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ነውና በፈረንሳይ አገር የሎሬን ክሪስታል ሠሪዎች ሕግ አንድ ነው፦ ሰብሮ ወደ እቶኑ መመለስ። ሙሴ ኢቤር ቫልደኔር ግን የነቃውን ብርሌ በመሐረብ ይዞ ወደ መስኮቱ አቀና። ለዚህ ቤት አርባ አንድ ዓመት የዕቃ ንድፍ ሲነድፍ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመውም። ሰባት ጊዜ በአንድ ሥፍራ መሰንጠቅ ያለ ምክንያት አይሆንም። ምን ይሆን?

ጊዜ አልነበረውም። ነገ ረፋድ ላይ የዓመቱ ዕቃዎች ዝርዝር ይታተማል፤ እስከዚያ ደኅና ሆኖ ያልወጣ ንድፍ ይሰረዛል። እርሱም በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣልና ይህ የመጨረሻ ሥራው ነው።

«ሉስየን፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ» አለው የክሪስታል ነፊዎቹን አለቃ። «የት ላይ ነው እምቢ የሚልህ?»

ሉስየን ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «አርባ ዓመት ሙሉ ወረቀት ስትሰጠኝ ኖረህ ዛሬ ጠየቅኸኝ?»

«ዛሬ ገባኝ። በል ሳቅ።»

«አልስቅም። አንገቱን በማስመሪያ ነው ያሰመርከው። ትኩስ ክሪስታል ደግሞ ማስመሪያ አያውቅም። ወደ ትከሻው ልወፍር ሲል በግድ አቀጥነዋለሁ፤ ሲቀዘቅዝ ቂሙን ይወጣል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እዚህ ቤት ነፊ ነዳፊን ያርማል እንዴ፣ ጌታው?»

ኢቤር ንድፉን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ያለ ወረቀት ንፋው። ወደ ፈለገበት ይሂድ፤ እኔ አያለሁ።»

ሠራተኞቹ ተያዩ። ሉስየን ሠለስቱ ደቂቅን ከሚያስታውሰው እቶን ማር የመሰለውን ክሪስታል በብረት ቧንቧው ጠቅልሎ አወጣ፤ ነፋው፤ ቁልቁልም ዘቀዘቀው። ክሪስታሉ በገዛ ክብደቱ ቀስ ብሎ ወረደ። አንገቱ ከላይ ቀጠነ፤ ትከሻው ዘንድ ሲደርስ ግን ማንም ባልነደፈው ዘንበል ያለ መስመር ሰፋ። ሽማግሌው ነዳፊ ዓይኑን ሳይነቅል «እንዴ! እንዴ!» ይል ነበር።

ሉስየን ብርሌውን በመቆንጠጫ ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው ምድጃ ሄደ። በምድጃው በር ላይ በምትንጠለጠለው ካርድ የነዳፊው ስም ይጻፋል፤ ደንቡ ነው።

«ስምህን ጻፍና በሩን ዝጋልኝ። ቶሎ በል፣ እየቀዘቀዘ ነው።»

ኢቤር ስሙን ጻፈ። ከሥሩ የቀረውን ባዶ ሥፍራ አየና እርሳሱን እንደያዘ ቀና አለ።

«ሉስየን» አለ፣ እንዳፈረ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «የአባትህ ስም ማን ነበር?»