ለአሥር የተካፈለ ሰው

በሊፍት ጥገና ሙያ እንደ ሺ ፎቅ ያለ ሰው ከዚህ በፊት አልተፈጠረም፤ ወደፊትም እናቶች ቢያምጡ ቢያምጡ አይወልዱትም። ሞተር በሌላኛው የከተማው ጫፍ ሲያስነጥስ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ «ይማርህ» ይል ነበር። አንድ ጊዜ፣ እሱ ራሱ እንደሚያወራው፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የተበጠሰ ገመድ በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኙ የጀመረውን ዳቦ ጨርሶ፣ ውስጥ የቀሩትን አሥራ አራት ሰዎች ስማቸውን እየጠየቀ አንድ በአንድ አውርዷቸዋል። እውነቱ ሁለተኛ ፎቅ ነበር። ገመዱም አልተበጠሰም። ውስጥ የነበሩት አንዲት ሴትዮና ድመቷ ናቸው። ግን ድመቷ ራሷ ወሬውን ከአፉ ብትሰማ «አዎ፣ አሥራ አራት ነበርን» ብላ መሐላ ትገባ ነበር፤ አወራሩ እንደዚያ ነው። ሺ ፎቅ የተባለውም ለዚሁ ነው፤ እሱ ያልወጣው ሺኛ ፎቅ በዓለም ላይ ስለሌለ።

ባለቤቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ስትኖር ለጤናዋ ብላ አንድ ቀመር አወጣች፦ ያለውን ለአሥር አካፍል። መቶ ሰው ተሰልፎ ነበር ካለ፣ አሥር ሰው ነበር። በረሃብ ሞትኩ ካለ፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል። ቀመሩ ከቤት ወጥቶ አማት ቤት ገባ፤ ከአማት ቤት ጎረቤት፣ ከጎረቤት መሥሪያ ቤት። ሺ ፎቅ ቅም አይለውም። «አካፍሉ፣ አካፍሉ፤ ተካፍዬም ከናንተ እበልጣለሁ» ይላቸው ነበር።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ የሞተች ጊዜ ነው ወሬው የደረቀው። በመጀመሪያ ዘጠነኛው ፎቅ ሰባተኛ ሆነ፤ ከዚያ አምስተኛ፤ ከዚያ ጭራሽ መውጣት ተወ። ከሥራ ተመልሶ ግድግዳ ፊት ይቀመጣል። ግድግዳው ቢናገር ኖሮ «ምነው፣ ምን አደረግኩህ?» ይለው ነበር። ባለቤቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟም ለድብርት የሚሰጥ እንክብል አዘዘችለት፤ በቀን አንድ፣ ጠዋት ጠዋት። ምንም ክፋት የለበትም፤ ታች ቤት ያለችው ጎረቤታቸው በሱው ነው ከአልጋዋ የተነሳችው፤ ዛሬ ደረጃውን እየዘፈነች ነው የምትወርደው።

ሺ ፎቅን በአራተኛው ቀን እግሩ ላይ ጀመረው። ቅልጥሙ ውስጥ የሆነ ነገር ተነስ ተነስ ይለዋል። ሲነሳ ሂድ ይለዋል። ሲሄድ ተመለስ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከመስኮቱ እስከ በሩ የተመላለሰው ተደምሮ ቢለካ ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ ለሻይ የሚተርፍ ነው። እንቅልፉ ወደ ሁለት ሰዓት ወረደ። እግሩ እንደዚያ እየነደደ፣ ከወገቡ በላይ ያለው ግን ቀዘቀዘ። አንድ ቀን ሻይ ጠጣ፤ ትኩስ መሆኑን ያወቀው ምላሱ ሲላጥ ነው። ስለ እህቱ አሰበ፤ እጇን፣ ስትቆጣ የምታወጣውን ድምፅ፣ ሁሉንም አስታወሰ። ምንም የለም። የማያውቀውን ሰው ፎቶግራፍ እንደማየት ነው። ሐዘኑ ሄዷል፤ ግን ብቻውን አልሄደም፤ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ነው የሄደው።

በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሟ ዘንድ ተመለሱ።

«እንዴት ነዎት?» አለች ሐኪሟ።

«በቀን ሁለት ሰዓት ነው የምተኛው» አለ ሺ ፎቅ ቆሞ፤ መቀመጥ አልቻለም። «እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። ምንም ነገር አይሰማኝም። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ነው።»

ሐኪሟ ብዕሯን አነሳች። «ከአንድ እስከ አሥር ቢሆን፣ ስንት ያህል ከብዶዎታል?»

«ዘጠኝ።»

ባለቤቱ ሳቋ አመለጣት። በክፋት አይደለም፤ ልማድ ነው፣ እንደ ማስነጠስ። «ዶክተር፣ ይቅርታ። ባለቤቴ ትንሽ ያበዛል። እኛ ቤት እሱ የሚለውን ለአሥር ነው የምናካፍለው። ዘጠኝ ማለቱ አንድ ገደማ ነው። ሁለት ሰዓት ማለቱም… ስድስት ይተኛል።»

ሐኪሟም ፈገግ አለች። ሰው ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱባት የዋለች ሰው፣ የሚያስቅ ባልና ሚስት ስታገኝ ምን ታድርግ? ወረቀቷ ላይ «መጠነኛ መቁነጥነጥ» ብላ ጻፈች። ከዚያ መጠኑ አንሶ ሊሆን ይችላል አለች፤ ከሰኞ ጀምሮ እጥፍ እንዲወስድ አዲስ ማዘዣ ሰጠችው።

«ከራሱ ከመድኃኒቱ ቢሆንስ?» አለ ሺ ፎቅ።

«በዚህ መጠን ያን ያህል አይጠበቅም። እስቲ እንየው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ባለቤቱ ክንዱን ያዘች። «ተቀየምክ እንዴ?»

«አልተቀየምኩም። እውነቴን ነው ግን።»

«አንተ መቼ ነው እውነቴን ነው ያላልከው?» ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ሺ ፎቅ ሞኝ አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ሒሳቡን ሠራ። ለአሥር የሚያካፍሉት ከሆነ በአሥር አብዝቶ መናገር ነው፤ ተካፍሎ ልኩ ላይ ይወርዳል። መታጠቢያ ቤት ገብቶ መስታወቱ ፊት ቆመ። «ዘጠና ሌሊት አልተኛሁም!» አለ። ድምፁ የሊፍት ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ድምፅ ሆነበት፤ በሩ ሲዘጋ ይጠንቀቁ እንደሚለው። ደገመው። «ከሲኦል ወለል በታች ነኝ!» የጥርስ ብሩሾቹ እንኳ አላመኑትም። ድሮ ሁለተኛ ፎቅን ዘጠነኛ የሚያደርገው፣ ደረቱ ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ የሚል ነገር ነበር። አሁን ኩፍ የሚል ነገር የለም። ለማጋነን እንኳ ሰው የሆነ ነገር ሊሰማው ይገባል።

አዲሱ የመድኃኒት ፓኮ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ሰኞን ይጠብቃል።

ዓርብ ጠዋት ከባልደረባው ጋር አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሄዱ። ባልደረባው ቁጥቡ ይባላል። ቁጥቡ በዓመት የሚናገረው ቃል ቢቆጠር አንድ የፖስታ ቴምብር ጀርባ ላይ ይጻፋል፤ ዳርቻውም ይተርፋል። አሥራ ሰባት ዓመት አብረው ሲሠሩ ሺ ፎቅ ሲያወራ፣ ቁጥቡ ሲያኝክ ኖረዋል። ሥራው ላይ ግን ሁለቱም የማይጥሱት ሕግ አለ። አንዱ ጣሪያው ሥር ባለው የሞተር ክፍል ይሆናል፤ አንዱ ሊፍቱ በሚወጣና በሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ፣ የሊፍቱ ሣጥን አናት ላይ ይቆማል፤ በእጅ ሬዲዮ ይነጋገራሉ። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ያለበትን ይናገራል፤ ላይ ያለው ቃል በቃል ይደግመዋል። ሳይደገም ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። እዚያ ውስጥ ሦስት ሲባል ሦስት ነው። ሦስት ተኩል ያለ ሰው እጁን ወይ እግሩን ትቶ ይወጣል። ሺ ፎቅ በሻይ ቤት ሺ ፎቅ ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ ግን አንዲት ስንዝር ጨምሮ አያውቅም።

ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ሺ ፎቅ ነው። ስድስተኛው ፎቅ ላይ ሣጥኑን አቁመው የበር መዝጊያውን ሲፈታ፣ ዝቅ ብሎ የወገብ ቀበቶውን መንጠቆ አየ። ተንጠልጥሏል። ሣጥኑ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ጋር አልታሰረም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጠርዙ ላይ፣ ከጎኑ ባለው ክፍተት አፋፍ፣ ሳይታሰር ቆሟል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቡ በጆሮው ይወጣ ነበር። ፍርሃት የዚህ ሙያ ዋና መሣሪያ ነው፤ ከመፍቻም ይበልጣል። አሁን መንጠቆውን ሰው ረስቶት የሄደ ጃንጥላ እንደሚያይ አየው። ከዚያ ወደ ታች፣ ጨለማው ውስጥ አየ። ልቡ እርምጃውን አልቀየረም። እጁ ብቻ፣ ከሥራ ልማድ፣ ሬዲዮውን አነሳ።

«መንጠቆዬ አልታሰረም» አለ።

«መንጠቆህ አልታሰረም» አለ ቁጥቡ ከላይ፣ እንደ ሕጉ። ከዚያ፦ «ምን?»

«አሁን አሰርኩት።»

«አሁን አሰርከው።»

ሺ ፎቅ ሬዲዮውን አላወረደም። እግሩ የሣጥኑን አናት ይመታል፣ ደብ ደብ ደብ።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሁለት ሰዓት በላይ አልተኛሁም» አለ።

ሬዲዮው አንድ ጊዜ አቃሰተ።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሁለት ሰዓት በላይ አልተኛህም።»

«ወደ ታች አየሁ፤ አልፈራሁም።»

«ወደ ታች አየህ፤ አልፈራህም።»

«እህቴን ሳስባት ምንም የለም።»

ይህኛው ዘገየ። ቁጥቡ የእህቱ ሬሣ ሣጥን ተሸካሚ ነበር፤ ሺ ፎቅ ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰ በዓይኑ አይቷል።

«እህትህን ስታስባት… ምንም የለም» አለ። «ሞተር አጠፋሁ።»

«ሞተር አጠፋህ።»

«ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል። መጣሁ።»

«ካለሁበት አልንቀሳቀስም» አለ ሺ ፎቅ፤ እግሩ ግን በዚህ አልተስማማም።

ቁጥቡ የመሣሪያ ሣጥኑን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ጥሎ፣ ሺ ፎቅን ክንዱን እንደ ጠፋ ከብት ይዞ፣ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ትምህርት ቤት ሄደ። ልጆቹ ዕረፍት ወጥተዋል። እሷ ብቻዋን ሰሌዳ ታጠፋለች።

«እትዬ» አለ ቁጥቡ፣ «ዛሬ ስድስተኛ ፎቅ ላይ መንጠቆ ሳያስር ግማሽ ሰዓት ቆመ።»

ባለቤቱ መጀመሪያ የለመደችው ፈገግታ መጣባት። «ማነው ስድስተኛ ያለህ? እሱ?»

«እሱ።»

«ታዲያ አንተም ማካፈል አቃተህ?»

«ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው የነገረኝ፣ እትዬ።»

«እና?»

«ጉድጓድ ውስጥ ዋሽቶኝ አያውቅም። አሥራ ሰባት ዓመት። አንድ ቀን ጨምሮብኝ ቢሆን ኖሮ ይሄ እጄ የለም» ብሎ እጁን ዘረጋላት። በዚያ ዓመት ከተናገረው ሁሉ ይህ ረጅሙ ነበር። «እንቅልፍ ሁለት ሰዓት አለኝ። ሁለት ነው። ምንም አይሰማኝም አለኝ። አይሰማውም።»

ባለቤቱ የሰሌዳ ማጥፊያውን እንደያዘች የልጆች ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ አገጯ ድረስ መጣ። ወደ ባሏ ቀና አለች። እሱ ከሰሌዳው እስከ በሩ እየተመላለሰ ነው።

«ዘጠኝ ስትል» አለች፣ «ዘጠኝ ነበር?»

«ዘጠኝ ነበር።»

«እኔ ነኛ ለሐኪሟ ቆርጬ የሰጠኋት።» ማልቀስ ጀመረች።

ሺ ፎቅ ቆሞ አያት። እዚህ ጋ ባል የሚያደርገው ነገር እንዳለ ያውቃል። ቀርቦ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ፤ መሰላል ግድግዳ ላይ እንደሚያስደግፍ። እጁ ሥር ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያንን ያህል ብቻ ነው የደረሰው።

ከሰዓት በኋላ ያለ ቀጠሮ ሐኪሟ በር ላይ ቆሙ። ባለቤቱ ቀድማ ተናገረች። «ዶክተር፣ ባለፈው ያካፈልኩት እኔ ነኝ። ይሰረዝልኝ። እሱ ያለው ነው ልኩ።»

ሐኪሟ ያለፈውን ወረቀት አውጥታ አየች። ፊቷ ላይ ያለው ቀለም ትንሽ ተለወጠ። አንድ መስመር ሰርዛ እንደ አዲስ ጠየቀችው፤ እያንዳንዱን መልስ ጽፋ፣ የጻፈችውን አነበበችለት። ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታች። ዓይኑን በመብራት አየች። ደም ወሰደች፤ ከደሙም ምንም አልተገኘም። ያን ያህል ንጹሕ ደም በዚያ ላቦራቶሪ ታይቶ አይታወቅም፤ ለመድረክ የሚበቃ ደም ነበር።

«አዲሱን ፓኮ አይጀምሩት» አለች በመጨረሻ። «ያለፈውንም በራስዎ አያቁሙ፤ በትንሽ በትንሹ እናወርደዋለን፤ በየሁለት ቀኑ ይደውሉልኝ። ጉድጓድ ውስጥ መግባት ለጊዜው አይቻልም። እግርዎ የሚረጋ ይመስለኛል።»

«ሌላውስ?» አለች ባለቤቱ። «የማይሰማውስ? ለምን እንደዚህ ሆነ?»

«ለምን እሱን እንደዚህ እንዳደረገው አላውቅም» አለች ሐኪሟ። «መቼ እንደሚመለስም አላውቅም። ባለፈው በደንብ ማዳመጥ ነበረብኝ፤ ያንን አውቃለሁ።»

ሺ ፎቅ «አላውቅም» የሚለውን ቃል ሰማው። አልጨመረችበትም፤ አልቀነሰችበትም። ልክ በልኩ የተቆረጠ ነበር።

ቁጥቡ መሣሪያውን ሊያነሳ ሄደ። ባልና ሚስቱ አውቶቡስ ያዙ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ ሺ ፎቅ ግን መቀመጥ ስለማይችል ብረቱን ይዞ ቆመ። ባለቤቱም አጠገቡ ብረቱን ይዛ ቆመች። ሹፌሩ በመስታወት እያየ የገዛ ወንበሮቹን ተጠራጠረ።

«ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው።

«ነገርኩሽ እኮ።»

«አልሰማሁም። ንገረኝ።»

ነገራት። ከአራተኛው ቀን ጀመረ፤ ስለ ቅልጥሙ፣ ስለ ሻዩ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ስለሞከረው ነገር፣ ስለ እህቱ ፊት። ድምፁ ወጣ ገባ አላለም። የሰማችውን አላረመችም፣ አልሳቀችም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሻዩ ስንተኛው ቀን ላይ እንደነበር ጠየቀችው፤ ስምንተኛው አላት፤ እሺ አለች። አውቶቡሱ ቆመ፣ ሄደ፣ ቆመ። ዳቦ ቤቱ አለፈ። የሠፈራቸው ጫማ ጠጋኝ አለፈ።

«መውረጃችንን አለፍን» አላት።

«ይለፍ» አለች። «ከዚያስ?»

እሱም ከዚያ ቀጠለ።