ሁለተኛው ፍሬን

«ብረቷ» የሚል ስም ያወጡላት የአውቶቡስ ድርጅቱ ሾፌሮች ናቸው። ለሙገሳ ይሁን ለሽሙጥ እነሱም በቅጡ አያውቁትም። በዚያ ጋራዥ መሪ የጨበጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች፤ ከስንት ዓመት በኋላም ያለችው እሷው ብቻ ናት። አሁን ደግሞ ፈታኝ ሆናለች። ወንዶቹን ስትፈትን ኖራለች፤ ዛሬ ገና አንዲት ሴት መሪ ይዛ አጠገቧ ተቀምጣለች። ልጅቱ ቁመቷ አጠር ስለሚል ወንበሩ ላይ ትራስ ደርባለች። «ሚጢጢ» ብለዋታል። ይኸኛው እንኳ ሽሙጥ ለመሆኑ ማንም አልተጠራጠረም።

በፈተናው አውቶቡስ ከፈታኙ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ። ሕጉ አጭር ነው፦ ፈታኙ ከረገጠው ተፈታኙ ወደቀ። ሲረገጥ ደግሞ ቀይ መብራት ስለሚበራ፣ ዓይንን በጨው ታጥቦ መካድ የለም።

ከኋላ ሥራ አስኪያጁና፣ ወሬ ሁሉ በእኔ ካልተመራ ስለሚል «ሊቀመንበር» የሚባለው አንጋፋ ሾፌር ተቀምጠዋል። ጠዋት ሊቀመንበሩ «ይቺ ካለፈች ሌሎች ሴቶችም ይከተላሉ። ከወደቀች ግን አንዷ ትበቃናለች» ሲል ብረቷ ሰምታለች። ወንድ ሲወድቅ እሱ ወደቀ ይባላል፤ ሴት ስትወድቅ ግን ሴቶች ሁሉ ወደቁ ነው። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሚጢጢ እንደሆነች አደባባዩን እንደ ቤቷ ጓሮ ዞረችው። ብረቷ ግን አላየቻትም፤ የምታየው ሊመጣ ያለውን አደጋ ብቻ ነበር። እግሯ ከጎን መሬት ላይ ማረፍ ሲገባው ከተነሱ ጀምሮ ፍሬኑ ላይ አንዣብቧል። ቁልቁለቱን ጀመሩ። ከታች፣ ከአንድ መጋዘን በር፣ የጭነት መኪና በኋላ ማርሽ ብቅ አለ።

ብረቷ ረገጠች። አውቶቡሱ ተንገጫግጮ ቆመ፤ መብራቱም በራ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

«በቃ፣ ወደቀች» አለ ሊቀመንበሩ፣ ድምፁን የሐዘን ለማስመሰል እየታገለ።

ብረቷ ጎንበስ ብላ ስታይ የልጅቱ እግር የራሷ ፍሬን ላይ ነው። ቀድማ አይታ፣ ቀስ አድርጋ እየያዘች ነበር። ከጭነት መኪናው በፊት ሌላ አውቶቡስ የሚያቆም ቦታ ቀርቷቸዋል።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ከተናገረች የፈታኝነቱን ወንበር ሊነጥቋት ነው፤ ዝም ካለች ደግሞ ልጅቱ ዛሬውኑ ወደ ቤቷ ልትሄድ ነው።

«አልወደቀችም» አለች። «እሷ ይዛ ነበር። እኔ ነኝ ፈርቼ የረገጥኩት።»

«ብረቷ ፈራች በሉኛ!» ሊቀመንበሩ ሳቀ።

ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። «ስንቱን ወንድ ስትፈትኚ ኖረሻል። ለስንቱ ነው እንዲህ ፈርተሽ የረገጥሽው?»

ብረቷ አሰበች። አንደኛው ቦይ ከመግባት ለጥቂት ነበር የተረፈው፤ ያን ጊዜ እንኳ «ያርመዋል» ብላ ጠብቃዋለች።

«ለአንዱም» አለች። ይህን ስትል ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ለካ እሷም ከሊቀመንበሩ አትሻልም።

«እንድገመው» አለች ቶሎ ብላ። «አሁንም ያለ ምክንያት ከረገጥኩ፣ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ወንበሩን ለሌላ ስጡት።»

«ይሁን» አለ ሥራ አስኪያጁ። ትንሽ እንኳ አለማንገራገሩ አስደነገጣት።

ዞረው ተመለሱ። ብረቷ እግሯን መሬት ላይ አሳረፈች፤ እግሩ ግን የሌላ ሰው ይመስል አልታዘዝ አላት። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ አንድ ሰውዬ ስልኩን እያየ አስፋልቱ መሃል ገባ። ብረቷ ወንበሯን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ጩኸት ጠበቀች፣ የመስታወት ድምፅ ጠበቀች። ምንም የለም።

«እትዬ» አለች ሚጢጢ፣ የኋለኞቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ዓይንዎን ይግለጡ። ቆመናል።»