የአምስት ደቂቃ ጸጥታ

ሊቀመንበሩ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቅጽል ስሙ ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። ሠላሳ ዓመት ስብሰባ ሲመሩ የኖሩ ሰው ቤት ሲገቡ የሚመሩት ቢያጡ ባለቤታቸውን፣ የሕንፃውን ነዋሪ፣ አንዳንዴም ሊፍቱን መምራት ያዙ። እሳቸው ባሉበት ንግግር ጀምሮ የጨረሰ ሰው ዕድለኛ ነው።

ትንሿ ልጃቸው ዕድለኛ አልነበረችም። ፊልም ሠሪ ናት። የመጀመሪያ ፊልሟን ይዛ መጥታ አብረው ሲያዩ፣ አባት ከመግቢያው እስከ መጨረሻው አስተያየት ሲሰጡ ቆዩ። ልጅቷ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች። ይኸው ስድስት ወር ሙሉ በስልክ እንጂ በአካል አላዩዋትም። አሁን ደግሞ ስለ ቧንቧ ሠራተኞች የሠራችው፣ ራሷ የምትተርክበት ሁለተኛ ፊልም ቅዳሜ አሥር ሰዓት በቴሌቪዥን ሊተላለፍ ነው። በእናቷ ልመና መጥታ አብራቸው ልታይ ተስማምታለች። ይህችም ቅዳሜ ከተበላሸች ሌላ እንደማትኖር ሊቀመንበሩ ያውቃሉ፤ ፈርተዋል።

ፍርሃታቸውን በዕቃ ሊወጡት አሰቡና አምስት ድምፅ ማጉያ፣ በዚያ ላይ ወለል የሚያንቀጠቅጥ ሳጥን ያለው የቤት ሲኒማ ገዙ። መመሪያውን አላነበቡም፤ ዕድሜ ልኩን መመሪያ ሲያወጣ የኖረ ሰው የሌላ ሰው መመሪያ ምን ያደርግለታል? ገጣጥመው ሲከፍቱት የፊልሙ ዝናብ ሶፋው ላይ የሚዘንብ መሰለ፤ ፊልሙ ውስጥ በር ሲዘጋ ባለቤታቸው ዞረው አዩ። የሰው ንግግር ግን የለም። ተዋናዮቹ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ የሚሉት አይሰማም።

ምርመራ ተጀመረ። መጀመሪያ የተጠረጠረው የባለቤታቸው የአቧራ መጥረጊያ ነው፤ ቀጥሎ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት። ገመዱ ተለወጠ፣ ሶፋው ተዛወረ፣ ድምፁ እስከ ጥግ ተከፈተ፤ መስኮቱ ተርገፈገፈ፣ ንግግሩ ግን ወይ ፍንክች። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨነቃቸውና ባለሙያ ጠሩ።

የመጣችው ቁጥብ ሴት ናት። ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው መካከለኛ ማጉያ ላይ ጆሮዋን ደፍታ አዳመጠች። የፊልም ንግግር የሚወጣው በዚህች በኩል መሆኑን፣ ማጉያዋም ደኅና መሆኗን፣ ግን አንድ ነገር እንዳፈናት ተናገረች። ከዚያ ከዕቃው ጋር የመጣችውን ትንሽ ማይክ አነሳች። ማይኳ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ትደረጋለች፤ መሣሪያው በየማጉያው በተራ ድምፅ እየለቀቀ በማይኳ ያዳምጥና የእያንዳንዱን መጠን ይወስናል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሲለካ ሰው ያወራ ነበር?»

ሊቀመንበሩ ማንም ትንፍሽ አላለም አሉ።

«የመክፈቻ ንግግር አድርገህ የለ?» አሉ ባለቤታቸው።

እውነት ነው። ሊቀመንበሩ ማይኳን ከወንበራቸው መደገፊያ ላይ፣ ልክ አፋቸው ሥር አስቀምጠው፣ በቦታው የተገኙትን፣ ማለትም ባለቤታቸውን፣ አመስግነው ነበር ልኬታውን የጀመሩት። ተራው መካከለኛዋ ማጉያ ላይ ሲደርስ እሳቸው «በተለይ በተለይ» የሚሉበት ቦታ ላይ ደርሰዋል። መሣሪያው የእሳቸውን ድምፅ የማጉያዋ ድምፅ አድርጎ ቆጠረ፤ በዚህ ቤት ንግግር ከበቂ በላይ ነው ብሎ ፈረደና እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረጋት። ባለቤታቸው ፍርዱ ትክክል ነው አሉ።

ልኬታው እንደገና አምስት ደቂቃ ጸጥታ ይፈልጋል። ልጅቷ ስትገባ ለአሥር ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነው። አባቷን በቀዝቃዛው ስማ ዳር ላይ ተቀመጠች። ልኬታው ተጀመረ፤ ሊቀመንበሩ ለባለሙያዋ ስለ ገመዱ አንድ ሐሳብ ሹክ አሉ፤ ባለሙያዋ መሣሪያውን አቆመችው። እንደገና ተጀመረ። አሁን ማንም ሳይናገር «ዝም በሉ እንጂ» ብለው ቤቱን ገሠጹ፤ አሁንም አቆመችው። አሥር ደቂቃ ቀረ። ልጅቷ ቦርሳዋን አነሳች።

ሊቀመንበሩ ቦርሳውን አዩ። ብድግ ብለው ወጡና ከውጭ ሆነው በሩን ዘጉ።

ደረጃው ላይ እንደተቀመጡ የላይኛው ጎረቤት ደረሰ። ሊፍቱ ዛሬም እንደተበላሸ፣ ስብሰባ ቢጠራ ጥሩ እንደሆነ አነሳ። አራት ዓመት የጠበቁት አጀንዳ ነበር። ላብ አጠመቃቸው፤ ግን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ጎረቤቱ ሰውዬው ታመዋል ብሎ ቀስ ብሎ አለፈ።

ሲጠሯቸው ፊልሙ ተጀምሯል። የልጃቸው ድምፅ ከመካከለኛዋ ማጉያ ጥርት ብሎ ይወጣል። የቧንቧ ሠራተኛ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ፣ የማዳመጫ ብረት ተክሎ፣ ቧንቧው የት እንደሚያፈስ በጆሮው እንዴት እንደሚፈልግ ትተርካለች። መሃል ላይ የዋናው መስመር የተዘረጋበትን ዘመን በሁለት ዓመት ሳተች። መስመሩ እንዲዘረጋ የተወሰነበትን ስብሰባ የመሩት እሳቸው ነበሩ። ባለሙያዋን ጨምሮ ሦስቱም ሴቶች ዞረው አዩዋቸው። ሊቀመንበሩ ምላሳቸውን ነከሱ።

አርባ ደቂቃ አለፈ፤ ፊልሙ አለቀ። ልጅቷ እጇን አጣምራ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ አሁን ተናገር።»

ሊቀመንበሩ አፋቸውን ከፈቱ። የሰሙት የልጃቸው ድምፅ ገና ጆሯቸው ውስጥ ነበር፤ ይህን ያህል ረጅም ነገር ተናግራ ስትጨርስ ሰምተዋት አያውቁም። አፈሩ፤ ደስም አላቸው። ለመዝጊያ ንግግር አንድም ቀን ቃል ያላነሳቸው ሰው የቀራቸው ይህ ብቻ ሆነ፦

«እንደገና አሰሚኝ።»