ጸደይ በወሬ

እትዬ ካውያ የሆስፒታሉን አንሶላ ስትተኩስ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ያውም ሠላሳ አንድ ደረጃ ከመሬት በታች ወርዳ፣ መስኮት የሚባል ነገር በሌለበት ክፍል። ካውያዎቹን ማጋል የእሷ ሥራ ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ ትገባለች፣ ከመሸ ትወጣለች። በመሀል ያለውን ቀን ማን እንደሚወስደው እግዜር ይወቅ።

ግጥሙን ያመጣችው ራሷ ናት። አንድ ጠዋት እንፋሎቱ አፍኗት ሳለ በሩን ከፍታ የገባችውን አጣቢ፣ «ቆይ! ሰማዩ እንዴት ነው? በሁለት ስንኝ ካልነገርሽኝ አትገቢም» አለቻት። ቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን ሕግ ሆኖ አረፈው። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የምትመጣ ሁሉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ጸደዩ የገጠመቻትን ሁለት መስመር ሳትል ቦርሳዋን አታስቀምጥም። ያቃታት የእርጥቡን አንሶላ ጋሪ ስትገፋ ትውላለች። ባለፈው ሳምንት እንኳ የሁለት ልጆች እናት የሆነችው አንሶላ አጣፊ እያለከለከች እንዲህ ስትል ገባች፦

«ደመናው ተገፎ ፀሐይ ወጣችና፣
ሰው ሳቀብኝ ዛሬ ጃንጥላ ያዝኩና።»

ሴቶቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ቀኑም ሳይታወቃቸው አለቀ።

አራተኛ ፎቅ ላይ የንጹሕ ልብስ መጋዘን አለ፤ መስኮት አለው። ሥራው ያው አንሶላ፣ ደመወዙም ያው ነው። እትዬ ካውያ የፈለገችው መስኮቱን ብቻ ነው። ዛፉ ሲያብብ በዓይኗ ማየት፣ ሌላ ምንም። አምስት ጊዜ አመለከተች። አምስቱንም ጊዜ አለቃቸው «ይደርሳል፣ ይደርሳል» አላት። ሴቶቹ አቶ ይደርሳል የሚል ስም ያወጡለትም ለዚሁ ነው። ዘንድሮ የመጋዘኗ ሴትዮ ጡረታ ወጣች። እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ሰው ካልተላከ ቦታው ለሌላ ክፍል ይሰጣል ተባለ። የዝውውሩ ቅጽ ተሞልቶ አቶ ይደርሳል ኪስ ውስጥ ነው፤ የቀረው ፊርማው ብቻ።

ሄዳ ለመነችው።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። «ድሮ በዓመት አራት አምስት ሰው ጥሎኝ ይሄድ ነበር። ግጥሙ ከመጣ ወዲህ አንዲትም አልለቀቀች። እርስዎን ለቅቄ እነሱን በምን ልያዛቸው?»

እትዬ ካውያ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። በገዛ እጇ! ጉድጓዱን ሰው እንዲኖርበት አድርጋ በገዛ እጇ በሩን በራሷ ላይ ቆለፈችው። ያን ዕለት አንድ አንሶላ አሳረረች፤ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ነበር።

የልብ ጓደኛዋ አጣቢዋ ነገሩን ስትሰማ እጇን በሽርጧ ጠረገችና፣ «ቀላል ነው» አለች። «ነገ ግጥም የለም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንዲት ስንኝ ከአፋችን አትወጣም። ግጥም ከሌለ አንቺን የሚያስቀርበት ምክንያት የለው። ሁላችንም አፋችንን ይዘን እንውላለን፤ አንቺም ጭምር!»

«እኔማ! ስለ እኔ አታስቢ።»

በማግስቱ እንደተባለው ሆነ። አንዷ ስትገባ ዝም፣ ሌላዋ ስትገባ ዝም። የሚያጓራው ማሽኑ ብቻ ነው። እትዬ ካውያ ውጭ ይዝነብ ይፍካ ሳታውቅ ዋለች። ጣሪያው ዝቅ ዝቅ ያለባት መሰላት፣ ደረቷ ተጨነቀ። ለካስ እስከ ዛሬ የምትተነፍሰው በእነዚያ ሁለት ሁለት መስመሮች ኖሯል። አጣፊዋም ከረፋዱ ጀምሮ ከንፈሯን ነክሳ ትቁነጠነጣለች፤ አንድ ነገር እንደያዘች ያስታውቃል።

አሥር ተኩል ላይ አቶ ይደርሳል ከመስታወት ክፍሉ ወጣ። እሱም መስኮት የለውም፤ መስታወቱ የሚያሳየው እነሱኑ ነው።

«ምነው ዛሬ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ግጥም አልቆብናል ጌታዬ» አለች አጣቢዋ ቀና ሳትል። «ምንጩ ደረቀ። እኔማ ሌላ ሥራ ልፈልግ እያሰብኩ ነው።»

ፊቱ ልውጥ አለ። ወደ እትዬ ካውያ ዞረ፤ አቀርቅራ ትተኩሳለች። ቆሞ ቆሞ ቅጹን ከኪሱ አወጣ። እስክሪብቶ ፈለገ። እትዬ ካውያ በዓይኗ ጠርዝ ተከተለችው። መስኮቱ ይኸው፣ ሊመጣ ነው!

ሰውየው ግን እስክሪብቶውን እንደያዘ ተከዘ። «በየጠዋቱ በሬን ገርበብ አድርጌ እሰማችሁ ነበር እኮ» አለ እንደ ማፈር ብሎ። «እኔም አንድ አለችኝ። ለመሰነባበቻ ልበላት?» ጉሮሮውን ጠረገ፦

«ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው፣ ነፋስም ይነፍሳል፤
ጸደይ ገብቷል መሰለኝ፣ ዛፉም አበባ አለው።»

ይሄ ግጥም ነው ወይስ ቃለ ጉባኤ? አጣፊዋ ፊቷን አንሶላ ውስጥ ቀበረች። አጣቢዋ እትዬ ካውያ ላይ ዓይኗን አፈጠጠች፤ ዋ! ማለቷ ነው። እትዬ ካውያ ጥርሷን ነከሰች፣ የካውያውን እጀታ ጨበጠች። ያ ሁሉ ጸደይ ከላይ ፈክቶ «አበባ አለው»? እንዲህ ተብሎ ይታለፋል? አልቻለችም።

«እንዲህ ነው እንጂ የሚባለው!» ብላ ካውያውን አቆመችው፦

«ዛፉም አበበና ነፋሱም ነፈሰ፤
ጸደይ እኛ ጋ ግን በወሬ ደረሰ።»

 ቀኑን ሙሉ ታምቆ የዋለው ሁሉ ፈነዳ። አንዷ «ድገሚው!» አለች፣ ሌላዋ የራሷን ጀመረች፣ አጣፊዋም ከረፋድ ጀምሮ የያዘቻትን ለቀቀቻት። አቶ ይደርሳል ዓይኑ እንባ አቅርሮ አጨበጨበ።

«ደርቋል አላላችሁም? እንኳን አልፈረምኩ!» ቅጹን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ይደርሳል እትዬ፣ ይደርሳል።»

አጣቢዋ ጋሪዋን እየገፋች መጥታ አጠገቧ ቆመች። 

«ግማሽ ሰዓት! አንቺ ሴትዮ፣ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ያቅትሽ?»

እትዬ ካውያ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«ቤት አልመታለትም እኮ» አለች በመጨረሻ፣ ቀጣዩን አንሶላ እየዘረጋች።