ሁለተኛው ጉርሻ

ወፍ አልወድም። ኋላ በወፍ ፍቅር ያበድኩ እንዳይመስላችሁ ይህን አስቀድሜ ልናገር። እኔ የፈለግሁት ባሌን ነው።

ባሌ ሀብተማርያም እዚህ ካምፓላ ውስጥ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ብዙ ዓመት ሠርቷል። ባለፈው ዓመት ድርጅቱ በጀት ተቋረጠብኝ ብሎ ሲዘጋ እሱም አብሮ ተዘጋ። መጀመሪያ ጢሙን መላጨት ተወ፣ ቀጥሎ ማውራት ተወ፣ በመጨረሻ ከእኔ ጋር መብላት ተወ። ሳህኑን ይዞ በረንዳ ይወጣል። ከተጋባን ጀምሮ ከአንድ ትሪ የበላን ሰዎች! ብቆጣ አይመልስም፣ ባለቅስ አይመልስም። እኔ ደግሞ ከዝምታ ስድብ ይሻለኛል። የሚሳደብ ባል ያላት ሴት ቢያንስ ቤቷ ውስጥ ሰው አለ።

ያን ሰሞን ወደ አገሯ የምትመለስ አንዲት ኬንያዊት ባልደረባው በቀቀኗን ከነሽቦ ቤቷ አስረከበችውና ሄደች። ከጭብጥ የማትበልጥ፣ አረንጓዴ፣ ፊቷ ቀይ። የሰው እጅ ባየች ቁጥር ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ሀብተማርያም በረንዳው ላይ ወንበሩን ከእሷ ራቅ አድርጎ ይቀመጥና ስለ ወፍ አያያዝ ስልኩ ላይ ሲያነብ ይውላል። በማግስቱ ወንበሩን ትንሽ ጠጋ ያደርጋል። እንዲህ ነው አሉ ወፍ የሚያላምዱት፣ ቀስ በቀስ፣ ሳያስደነግጡ። «አይዞሽ፣ ማንም አይነካሽም» ይላታል። እኔን አይዞሽ ያለኝ መቼ እንደሆነ እንጃ።

ቀናሁ። ሴት በወፍ ትቀናለች ወይ? ትቀናለች። ስሟንም «እትዬ ኩራት» አልኳት።

ቅናቱ ሲሰለቸኝ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ይህች ፍጥረት እኔን ካመነችኝ እሱም ዞር ብሎ ያየኛል፤ ሌላው ቢቀር የምናወራው ነገር ይኖረናል። ጠዋት ጠዋት ንቲንዳ ወዳለው የትኬት ቢሮዬ ከመሄዴ በፊት መዳፌ ላይ የሱፍ ፍሬ ይዤ እጄን በሽቦው በር አስገባ ጀመር። ነከሰችኝ። ደሜ ፈሰሰ።

«ውለታ ቢስ!» ብዬ ጮህኩባት።

«አትጩኺባት» አለኝ ሀብተማርያም ከኋላዬ።

አንዲት ቃል ናት፣ ያውም ቁጣ፤ ግን ለእኔ የተነገረች ናት። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ እሷን ሳመነዥክ ዋልኩ። እዚህ ደረጃ ደርሼ ነበር።

ከዚያ በኋላ አልጮህኩም። እጄን አስገብቼ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። እትዬ ኩራት ግን ፍሬዬን ንክች ሳታደርግ ሳምንታት አለፉ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ማኪንድዬ ያለው ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ፍሬው ቆርቆሮው ላይ እየወደቀ ሲያስደነግጠን ይከርማል፤ በጾም ጊዜ ግን ወጣችን እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አቮካዶ በሎሚና በጨው ፈጭቼ፣ ብቻዬን ከምበላ ብዬ ትሪዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ሀብተማርያም እውስጥ ጋደም ብሎ ነበር። እየጠቀለልኩ ስጎርስ እትዬ ኩራት ከጥጓ ወጣች። እጄን ወደ አፌ ስወስድ አንገቷ አብሮ ይሄዳል። ሰው ሲበላ እያየ የማይጎመጅ የለም፤ የእህል ነገር ነው።

በሩን ከፈትኩላት። ትንሽ እንጀራ ቀድጄ በአቮካዶው ጠቅልዬ በጣቶቼ ጫፍ ያዝኩላት። መጣች። እጄ ላይ ወጣች። ክብደት የሌላት፣ እግሯ ብቻ የሚሞቅ። ጎረሰች!

ቀና ስል ሀብተማርያም በሩ ላይ ቆሟል። ፈገግ ብሏል።

«ጎረሰችልሽ» አለኝ።

አሁን ማን ሊያቆመኝ ነው? አንድ ጉርሻ ያጣላል። ከስንት መከራ በኋላ የታረቅኳትን በአንድ ጉርሻ አልሸኛትም። «በሞቴ፣ እትዬ ኩራት! አፈር ስሆን!» እያልኩ ሁለተኛውን ሰጠኋት። እሱንም በላች። ምንቃሯን በጣቴ ጠረገች።

ሀብተማርያም ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና አፉን ከፈተ። ልክ እንደ ድሮው። አጎረስኩት። ደስታ ይገድላል ሲሉ የሰማሁት እውነት መሰለኝ። ሁለተኛውን እየጠቀለልኩ ሳለ ማኘኩን አቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አቮካዶ ነዋ።»

«እሷም ይህንን ነው የበላችው?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

«መርዟ ነው» አለኝ። «ወፍ ይገድላል።»

ተጠባበቅን። እየዘለለች ስትጮህ ስላመሸች ምናልባት አይነካት ይሆናል አልኩ። በነጋታው ጠዋት ላባዋ ተነፍቶ፣ አፏን ከፍታ በግድ ስትተነፍስ አገኘናት። በነጠላዬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ያዝኳትና ወደ እንስሳት ሐኪም ለመሄድ አንድ ቦዳ፣ እዚህ ሰው የሚጭን ሞተር ብስክሌት፣ ላይ ተሳፈርን፤ ሹፌሩ ከፊት፣ ሀብተማርያም መሀል፣ እኔ ከኋላ። ቦዳው የማኪንድዬን ቁልቁለት ሲወርድ ደረቴ የባሌ ጀርባ ላይ ተጣበቀ። ከስንት ወር በኋላ ገላው ገላዬን ነካ፤ መሀላችን እሷ አለች። ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ትንሽ ተንፈራገጠችና ዝም አለች።

ጮህኩ። ሹፌሩ ደንግጦ ቦዳውን አቆመ።

«ኛቦ፣ እንቀጥል ወይስ እንመለስ?» አለኝ፤ እመቤቴን በሉጋንዳ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ።

ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ አሳየሁት። ቆይቶ ራሱ አዞረው።

ሀብተማርያም ከዛፉ ሥር ቆፈረ። ከነጠላዬ ፈትቼ ሰጠሁት። አፈር ስሆን ብዬ ለምኜ ያጎረስኳትን እሷን አፈር አለበስናት።

«መርዟ መሆኑን መቼ ነው ያወቅከው?» አልኩት።

አካፋውን ተደግፎ ቆመ። «በመጣች ሰሞን አንብቤ ነበር።»

«በመጣች ሰሞን! ታዲያ በዚህ ዛፍ ሥር እየኖርን፣ በየቀኑ አቮካዶ ስፈጭ እያየህ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

 እሱ በአካፋው ጫፍ አፈሩን ደለደለ።

«ልነግርሽ እያልኩ» አለ። «ቃል ማውጣት ያቅተኛል፣ ያለምወርቅ። ይኸው ነው።»

አልተቆጣሁትም። ብቆጣው እኮ ጥሩ ነበር። የሚያስቆጣኝ ነገር ከውስጤ አለቀ።

ራት ላይ ትሪውን መሀል አድርጌ ጠበቅሁት። ገባ፣ ድርሻውን ሳህን ላይ ቆረሰ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ በረንዳ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት። ባዶው የሽቦ ቤት እንደተከፈተ ተቀምጧል። ወንበሩን ትንሽ ጠጋ አደረገና መብላት ጀመረ።